የቆልማማ እግር ሕክምና ታሪክ፤ ከብረት መጠምዘዣ እስከ ጀሶ

የአጥንት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕክምና በዓለም ሁሉ «ኦርቶፔዲክስ» እየተባለ ይጠራል። ይህን ስም ያወጡት ኒኮላ አንድሪ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ሲሆኑ፣ በ1741 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ «ኦርቶስ» (ቀጥ ያለ) እና «ፓይዲዮን» (ሕፃን) የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥመው ፈጠሩት። የሙያው ክልል ዛሬ የአዋቂዎችን ስብራትና የአዛውንቶችን የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ የሚያጠቃልል ቢሆንም፣ ስሙ በመሠረቱ የሕፃናት ስም ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግንዱ የጎበጠ አንድ ለጋ ዛፍ ቀጥ ካለ እንጨት ጋር በገመድ ታስሮ የሚያሳይ ሥዕል ይገኛል፤ ሥዕሉም እስከ ዛሬ የሙያው ምልክት ሆኖ ኖሯል። ሥዕሉ የሚናገረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጎበጠ ነገር የሚቃናው ገና በለጋነቱ ነው። ሁለተኛ፣ የሚያቃናው ኃይል ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥና ግንዱን ሳይሰብር መሥራት አለበት። ቀጥሎ የሚተረከው ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ሙያው የመጀመሪያውን ትምህርት ምንጊዜም ሲያስታውስ ሁለተኛውን ግን ደጋግሞ ረስቷል።

ከሕፃናት የአጥንትና የእንቅስቃሴ ጉድለቶች መካከል በጥንታዊነቱም ሆነ በተሞከረበት የሕክምና ዓይነት ብዛት ቆልማማ እግርን የሚያህል የለም። የዚህ ጉድለት ሕክምና ታሪክ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን፣ ኃይልን በቁስ ላይ ማሳረፍ የዕለት ሥራው ለሆነ መሐንዲስም ጠቃሚ ትምህርት ይዟል። ትክክለኛው መፍትሔ ተገኝቶና ታትሞ ሳለ፣ ሠላሳ ዓመት በላይ እንደ ሌለ ተቆጥሮ መኖሩ ደግሞ ማናቸውም የሙያ ማኅበር ሊያጤነው የሚገባ ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉድለቱ ጠባይ

በዓለም ላይ ከሚወለዱ አንድ ሺህ ሕፃናት መካከል በግምት አንዱ ቆልማማ እግር ይዞ ይወለዳል። ከነዚህም ግማሽ ያህሉ ጉድለቱ በሁለቱም እግሮቻቸው ላይ ያለባቸው ሲሆኑ፣ ወንዶቹ ከሴቶቹ በእጥፍ ይበልጣሉ። ከሚወለዱት ውስጥ ከአምስቱ አራቱ የሚገኙት ድኻ በሆኑና በመካከለኛ ደረጃ ባሉ አገሮች ነው። የጉድለቱ መንሥኤ በብዙዎቹ ሕፃናት ላይ ተለይቶ አይታወቅም፤ የዘር ውርስ ድርሻ እንዳለው ግን ተረጋግጧል።

ጉድለቱ አራት ክፍሎች አሉት። የውስጥ እግሩ ቅስት ከመጠን በላይ ጎድጉዷል፤ የእግሩ ፊተኛ ክፍል ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ተረከዙ ወደ ውስጥ ተገልብጧል፤ በመጨረሻም ተረከዙ በጅማቱ ወደ ላይ ተስቦ የእግሩ ጣት ወደ ታች አዘቅዝቋል። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ሕመም አይሰማውም። ችግሩ የሚመጣው መራመድ ሲጀምር ነው። ሳይታከም የቀረ ልጅ የሚረግጠው በውስጥ እግሩ ሳይሆን በእግሩ ውጪያዊ ጎን፣ አንዳንዴም በእግሩ ጀርባ ነው። ያ ስፍራ ደግሞ የሰውነትን ክብደት ለመሸከም ያልተሠራ በመሆኑ ይደድራል፣ ይቆስላል፣ ውሎ አድሮም ያመረቅዛል። የኑሮ መሠረቱ እርሻና የእግር ጉዞ በሆነበት አገር ይህ ማለት ሞፈር መያዝ፣ ውኃ መቅዳት፣ ትምህርት ቤት ደርሶ መመለስ ሁሉ ፈተና ይሆናል ማለት ነው። ብዙ ጊዜም የልጁ መጠሪያ ስም ቀርቶ ጉድለቱ ስሙ ይሆናል።

ከሂፖክራተስ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት

ግሪካዊው ሂፖክራተስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ ይህን ጉድለት ገልጸው ጽፈዋል። የሰጡትም ምክር ዛሬ ሲነበብ ያስደንቃል፤ ሕክምናው ሕፃኑ እንደ ተወለደ ባፋጣኝ ይጀመር፣ እግሩ በእጅ በዝግታ ይታሽና ይቅና፣ የተገኘው መሻሻል በመጠቅለያ ጨርቅ ይጠበቅ፣ እግሩም ከቀና በኋላ ተመልሶ እንዳይጎብጥ ልዩ ጫማ ይደረግለት ይላል። በአገራችን ወጌሻ በእጁ ዳሶ ስብራትን እንደሚያቃናና በቀጭን እንጨት እንደሚጠግን ሁሉ፣ የጥንቱ ሐኪምም ዋና መሣሪያው እጁ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ምዕተ ዓመታት ግን እጅ ለብረት ስፍራውን ለቀቀ። በ1803 ዓ.ም. ጣሊያናዊው የአካል ጥናት ሊቅ አንቶኒዮ ስካርፓ የቆልማማን እግር የአጥንት አቀማመጥ በዝርዝር ገልጸው አሳተሙ። የጉድለቱ ሥር የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሳይሆን፣ በዙሪያው ያሉት የእግር አጥንቶች ወደ ውስጥ መዞራቸው እንደ ሆነ አስረዱ። ይህ መሠረታዊ ግኝት ነበር። ለሕክምናው የፈለሰፉት የብረትና የቆዳ ጫማ ግን እግሩን በግዴታ የሚያስጨንቅ እንጂ ግኝታቸውን በተግባር የሚያውል አልነበረም።

በ1816 ዓ.ም. የሞንፔልዬው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ዣክ ማትዬ ዴልፔሽ ተረከዝን ወደ ላይ የሚስበውን ጅማት ቆርጠው ለማስረዘም ሞከሩ። ቁስሉ ስላመረቀዘ ዘዴው በዚያን ጊዜ አልተስፋፋም። በ1831 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉዊ ሽትሮማየር በሐኖቨር ከተማ ያንኑ ጅማት በቆዳ ሥር ቀጭን ቢላዋ አሳልፈው፣ ቁስሉ ለአየር ሳይጋለጥ መቁረጥ ጀመሩ፤ በዚህም የማመርቀዝ አደጋው ቀነሰ። ከታካሚዎቻቸው አንዱ ዊልያም ጆን ሊትል የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበሩ። ሊትል በልጅነታቸው ከደረሰባቸው በሽታ የተነሣ እግራቸው ቆልሞ ያደጉ ሰው ሲሆኑ፣ በ1836 ዓ.ም. በሽትሮማየር እጅ ታክመው ዳኑ። በሚቀጥለው ዓመት ዘዴውን ወደ ለንደን አመጡት፤ ጥቂት ቆይተውም ለአካል ጉድለት ብቻ የተለየ የሕክምና ቤት አቋቋሙ። ከአንጎል ጉዳት የተነሣ የሕፃናት እጅና እግር የሚገትርበትን በሽታ በዝርዝር ካጠኑት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ እኒሁ ሰው ናቸው።

በ1852 ዓ.ም. ሆላንዳዊው የጦር ሐኪም አንቶኒየስ ማታይሰን ጀሶ የተነሰነሰበትን ፋሻ በውኃ አርሶ በተጎዳ አካል ላይ በመጠቅለል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ እንዲጸና የሚያደርገውን ዘዴ አስተዋወቁ። ለቆልማማ እግር ሕክምና ከዚህ የሚሻል መሣሪያ አልነበረም፤ በእጅ የተገኘውን መሻሻል ጀሶው በቦታው ይይዘዋልና። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን የሊቨርፑሉ ሂዩ ኦወን ቶማስ የብሎን መፍቻ የመሰለ ብረት ሠርተው የሕፃኑን እግር በጉልበት ይጠመዝዙበት ነበር። ሌሎችም ይህን የመሳሰሉ መጠምዘዣዎች ሠርተዋል። እግሩ በአንድ ቀን ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን አሳሪ ጅማቶቹ ይበጠሳሉ፣ ለስላሳዎቹ የሕፃን አጥንቶች ይጨፈለቃሉ፣ ቁስሉ ሲድን በጠባሳ ስለሚያያዝም እግሩ ይገትራል።

የጀሶና የቢላዋ ዘመን

በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ይህን የግዴታ ሕክምና በግልጽ ከተቃወሙት ሐኪሞች ዋነኛው በአሜሪካ የጆርጂያው ጆሴፍ ሃይረም ካይት ነበሩ። ካይት መፍቻውንም ቢላዋውንም ትተው፣ እግሩን በእጅ ብቻ እያቀኑ በተከታታይ ጀሶ የሚጠብቁበትን ዘዴ ለብዙ ዓመታት ሠሩበት። በሺህ የሚቆጠሩ የቀዶ ሕክምና ጠባሳዎችን ያስቀረ ሥራ ነበር። ነገር ግን ሕክምናው እጅግ ረዥም ነበር፤ ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ በጀሶ ውስጥ ይቆያል። በእርሳቸው እጅ የሚሳካውም በሌሎች ሐኪሞች እጅ ብዙ ጊዜ አይሳካም ነበር።

በዚህ የተነሣ ሐኪሞች «ጀሶ አይበቃም» ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ። ማደንዘዣው ተሻሽሏል፤ ከተሐዋስያን የጸዳ የቀዶ ሕክምና ክፍል ተገኝቷል፤ ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ገብቷል። እንግዲህ መገጣጠሚያዎቹን ከፍቶ፣ የሚስቡትን ጅማቶች ቆርጦ፣ አጥንቶቹን በቦታቸው ማስቀመጥ ቀላሉ መንገድ መስሎ ታየ። በተለይ በ1971 ዓ.ም. አሜሪካዊው ቪንሰንት ተርኮ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ሰፊ ቀዶ ሕክምና ካሳተሙ ወዲህ፣ ይኸው ዓይነት ቀዶ ሕክምና በምዕራቡ ዓለም የታወቀ ሥርዓት ሆነ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚነሣው ራጅ ያማረ ነበር። ሃያ ዓመት ቆይቶ ያ እግር ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነበር።

የሰዓት ሠሪው ልጅ

ጥያቄውን አስቀድመው ከጠየቁት ሰዎች አንዱ ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ናቸው። ፖንሴቲ በ1914 ዓ.ም. የስፔን ግዛት በሆነችው በሜኖርካ ደሴት ተወለዱ። አባታቸው ሰዓት ሠሪ ስለ ነበሩ በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር ሰዓት ይጠግኑ ነበር፤ የእጃቸው ልዝብነትና የጥቃቅን ነገሮችን ግጥምጥም የማስተዋል ልማዳቸው ከዚያ እንደ መነጨ ብዙዎች ይናገራሉ። በባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው የተመረቁት በ1936 ዓ.ም.፣ ልክ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በሚፈነዳበት ጊዜ ነበር። በሪፑብሊኩ ጦር ውስጥ በሐኪምነት አገለገሉ። ጦሩ በ1939 ዓ.ም. ሲሸነፍ ቁስለኞችን በበቅሎ እየጫኑ የፒሬኔን ተራሮች አቋርጠው ወደ ፈረንሳይ ተሰደዱ። ከዚያም ወደ ሜክሲኮ ተሻግረው ሁቺቴፔክ በተባለች የገጠር ቀበሌ ሁለት ዓመት ያህል በሐኪምነት ሠሩ። በ1941 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ዘልቀው በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አርተር ስታይንድለር ሥር የአጥንት ሕክምና ይማሩ ጀመር።

ስታይንድለር በቪየና የተማሩ፣ ስለ ሰው አካል እንቅስቃሴ ሜካኒክስ ትልቅ መጽሐፍ የጻፉ ምሁር ነበሩ። ለወጣቱ ስደተኛ የሰጡት ሥራ በታይታው ትንሽ ነበር፤ ቀድሞ በሆስፒታሉ በቀዶ ሕክምና የታከሙትን የቆልማማ እግር በሽተኞች ፈልጎ፣ አሁን ያሉበትን ሁኔታ መርምሮ ማቅረብ ነው። አዮዋ ለዚህ ዓይነት ጥናት የምትመች አገር ነበረች። ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የድኻ ልጆች በመንግሥት ወጪ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል እንዲታከሙ በሕግ ተደንግጓል፤ ሕዝቡም በአብዛኛው ከእርሻው የማይነቀል ገበሬ ስለ ሆነ ከብዙ ዓመት በኋላ ፈልጎ ማግኘት አያስቸግርም።

ፖንሴቲ ያገኙት ነገር አስደነገጣቸው። በልጅነታቸው በቢላዋ የቀኑት እግሮች የገተሩ፣ የደከሙና የሚያምሙ ሆነው ተገኙ። ቀዶ ሕክምናው በተደጋገመና በሰፋ ቁጥር እግሩም በዚያው መጠን የባሰ ነበር። የተቆረጠ አሳሪ ጅማት የሚድነው በጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ አይለጠጥም፣ ከሕፃኑም ጋር እንደ ጤነኛ ጅማት አያድግም።

የእግሩ ሜካኒክስ

ፖንሴቲ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ለመሐንዲስ የሚገባ ነው፤ የተበላሸውን መሣሪያ ለመጠገን ከመነሣታቸው በፊት አሠራሩን አጠኑ። ሞተው የተወለዱ ሕፃናትን ቆልማማ እግሮች ሰንጥቀው መረመሩ። የጤነኛ እግርን እንቅስቃሴ በተንቀሳቃሽ የራጅ ፊልም ተከታተሉ። የጅማትን ቁስ ጠባይ በማይክሮስኮፕ አዩ።

በቁርጭምጭሚት ላይ ታለስ የሚባለው አጥንት ከላይ በባት አጥንቶች መካከል ተሰክቶ ይቆማል፤ በቀጥታ የተያያዘበት አንድም ጡንቻ የለም። ከሥሩ የተረከዝ አጥንት፣ ከፊቱ ደግሞ ናቪኩላር የተባለው አጥንት ይገኛሉ፤ ከተረከዙ ፊት ኩቦይድ ተቀጥሏል። እነዚህ ሦስቱ የሚንቀሳቀሱት ለየብቻ ሳይሆን ተያይዘው፣ በታለስ ሥርና ዙሪያ እየተንሸራተቱ ነው። የሚዞሩበትም ዛቢያ እንደ በር ማጠፊያ አንድና ቋሚ አይደለም፤ ያጋደለና ከእንቅስቃሴው ጋር ራሱም ቦታ የሚለውጥ ነው። በ1961 ዓ.ም. ሆላንዳዊው ሁሶን ያቀረቡት የምርምር ጽሑፍ ይህንኑ አጠናከረ። ስለዚህ ተረከዝ ከውስጥ ወደ ውጪ ሲዞር በዚያው እንቅስቃሴ ከተገለበጠበት ይቃናል፤ ሁለቱ ጉድለቶች ሁለት ሳይሆኑ አንድ ናቸው።

የካይት ዘዴ ለምን እንደሚጓተት የታወቀውም በዚህ ጊዜ ነበር። ካይት የእግሩን ፊተኛ ክፍል ወደ ውጪ ሲገፉ የአውራ ጣታቸውን መደገፊያ የሚያሳርፉት የተረከዙ አጥንትና ኩቦይድ በሚገናኙበት በእግሩ ውጪያዊ ጎን ላይ ነበር። የጎበጠ ሽቦን ለማቃናት ይህ ትክክል ነው። እግር ግን ሽቦ አይደለም። እዚያ ላይ የተጫነ ጣት የተረከዙ አጥንት በታለስ ሥር ወደ ውጪ እንዳይንሸራተት ይከለክለዋል፤ ሊከፈት የሚገባውን በር ራሱ ሐኪሙ ገፍቶ ዘጋው ማለት ነው። ፖንሴቲ መደገፊያውን ወደ ታለስ ራስ አዛወሩት። ታለስ ተደግፎ ሲቆም ተረከዙ ነጻ ሆኖ ከሥሩ ይዞራል፤ ማንም ሳይነካውም ይቃናል። በሕፃን እግር ላይ የሁለቱ ነጥቦች ርቀት እጅግ ትንሽ ነው፤ በውጤቱ ላይ ያለው ልዩነት ግን የወራትና የዓመታት ነው።

ሁለተኛው ግኝት ስለ ቁሱ ነበር። ፖንሴቲ በ1950ዎቹ ዓመታት ከጓያ ጋር ዝምድና ያለውን የሽታ አተር ዘር ለአይጦች እየመገቡ የአከርካሪ አጥንት መጉበጥን አጥንተዋል። የአገራችን ጓያ የሚጎዳው ነርቭን ሲሆን፣ ይህኛው ዘር የሚያበላሸው አጥንትንና ጅማትን የሚያጠነክረውን ኮላጅን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ከዚህ ጥናት ያገኙት የኮላጅን ዕውቀት ለቆልማማ እግርም ጠቀማቸው። የጅማት ክሮች በተፈጥሮ እንደ ሞገድ የተኮማተሩ ናቸው። በዝግታ ሲሳቡ ኩምትሩ ይፈታና ጅማቱ ሳይበጠስ ይረዝማል፤ በዚያ ርዝመት ጥቂት ቀናት ሲቆይ ኩምትሩ እንደገና ይፈጠራል፤ እንደገናም መሳብ ይቻላል። ውኃ በበዛበት ለስላሳ ሸክላ አፈር ላይ ሙሌት የሚሠራ መሐንዲስ ይህን ያውቀዋል፤ ጭነቱን በአንድ ጊዜ ያፈሰሰ እንደ ሆነ አፈሩ ይናዳል፣ በደረጃ ጭኖ የታገሠ እንደ ሆነ ግን አፈሩ ራሱ ይጠነክርለታል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት እንደዚህ ቃል በቃል የተፈጸመበት ሙያ ጥቂት ነው።

ዘዴው ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በመጀመሪያው ጀሶ የእግሩ ፊተኛ ክፍል ወደ ላይ ተገልብጦ የጎደጎደው ቅስት ይቃናል፤ ላላወቀ ሰው ጉድለቱን ማባባስ ይመስላል። ቀጥሎ እግሩ በየሳምንቱ ታለስን በመደገፍ ወደ ውጪ ጥቂት ጥቂት ይዞራል፤ በየጊዜውም ጉልበቱ ታጥፎ ከጣት እስከ ጭን በሚደርስ ጀሶ ይጠበቃል። አምስት ወይም ስድስት ጀሶ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በመጨረሻ፣ ለመለጠጥ እምቢ የሚለው የተረከዝ ጅማት በአካባቢ ማደንዘዣ በትንሽ ጠባብ ቀዳዳ ይቆረጣል፤ እግሩም ለሦስት ሳምንት በጀሶ ሲቆይ ጅማቱ ረዝሞ ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ በአንድ ዘንግ የተያያዙ፣ የታከመው እግር ወደ ውጪ 70 ዲግሪ ያህል የዞረባቸው ጫማዎች ያደርጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቀንና ሌሊት፣ ከዚያም እስከ አራት ዓመት ዕድሜው በመኝታ ሰዓት ብቻ።

የሠላሳ ዓመት ዝምታና የሠላሳ ዓመት ምርመራ

ፖንሴቲና ባልደረባቸው ዩጂን ስሞሊ በ1963 ዓ.ም. የ67 ታካሚዎችን 94 እግሮች ውጤት በታወቀው የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። በ1980 ዓ.ም. ፖንሴቲና ላቬግ በአማካይ 19 ዓመት ያህል የተከታተሏቸውን የ70 ታካሚዎች 104 እግሮች አቀረቡ። ውጤቱ መልካም ነበር፤ ዘዴውን የተከተለ ሐኪም ግን ከአዮዋ ውጪ እምብዛም አልነበረም። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ጀሶ ያረጀ፣ ቢላዋ የዘመነ መስሎ ይታይ ነበር። የካይትን ጀሶ ሞክሮ ያልተሳካለት ሐኪም የፖንሴቲም ያው ነው ብሎ ሳያነብ አለፈው። ያነበበውም አንዳንዱ ደረጃዎቹን እያቀላቀለ፣ የሌሊቱን ጫማ እየተወ ሞከረና «አልሠራም» አለ። ከዚህም ሌላ፣ የቀዶ ሕክምናው ጉዳት የሚገለጠው ታካሚው አድጎ፣ ከሕፃናት ሐኪሙ እጅ ከወጣ በኋላ ነው። ሠሪው የሥራውን ፍጻሜ አያይም።

ይህን ዝምታ የሰበረው በ1995 ዓ.ም. ኩፐርና ዲትስ የተባሉ የአዮዋ ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ነው። በፖንሴቲ ዘዴ ታክመው በአማካይ 34 ዓመት የሞላቸውን 45 ሰዎች 71 እግሮች መረመሩ፤ በንጽጽርም እግራቸው ምንም ጉድለት ያልነበረበትን 97 ሰዎች አዩ። እንደ ሕመማቸውና እንደ እንቅስቃሴያቸው ሲመዘኑ ከታከሙት መካከል 78 በመቶው፣ ጤነኛ ሆነው ከተወለዱት መካከል ደግሞ 85 በመቶው በ«እጅግ ጥሩ» ወይም በ«ጥሩ» ደረጃ ተመደቡ። የታከሙት እግሮች ራጅ ፍጹም አልነበረም። ይሁን እንጂ ባለ እግሮቹ ቆመው ይውላሉ፣ ይራመዳሉ፣ ይሠራሉ። መለኪያው ከራጁ መልክ ወደ ሰውየው ኑሮ ተዛወረ።

በሚቀጥለው ዓመት የፖንሴቲ መጽሐፍ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ወዲያው ያልታሰበ ኃይል ተነሣ፤ ልጆቻቸው ለቀዶ ሕክምና የተቀጠሩ ወላጆች በኢንተርኔት እየተጻጻፉ ወሬውን አሰራጩ፣ ሐኪሞቻቸውንም ይጠይቁ ጀመር። በ2001 ዓ.ም. ካናዳዊው ዶክተር ሻፊቅ ፒራኒና ባልደረቦቻቸው በማግኔት ምስል አማካይነት፣ በጀሶው ዘዴ አቀማመጣቸው ብቻ ሳይሆን የለስላሳዎቹ አጥንቶች ቅርጽ ራሱ እንደሚስተካከል አሳዩ። በ2004 ዓ.ም. ሞርኩዌንዴና ባልደረቦቻቸው የ157 ታካሚዎችን 256 እግሮች ውጤት ሲያሳትሙ፣ 98 በመቶው መቃናታቸውንና ሰፊ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 4 ታካሚዎች ብቻ መሆናቸውን ገለጹ። ጉድለቱ ያገረሸባቸው 17 ነበሩ፤ ማገርሸቱም የተያያዘው ከሕፃኑ ዕድሜ ወይም ከጀሶው ቁጥር ጋር ሳይሆን ጫማውን በደንብ ካለማድረግ ጋር ነበር። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዶብስና ባልደረቦቻቸው ሰፊ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ መርምረው፣ ቀዶ ሕክምናው በሰፋ መጠን እግሩ ይበልጥ መጎዳቱን አረጋገጡ። ፖንሴቲ በወጣትነታቸው በስታይንድለር ትእዛዝ ያገኙት እውነት ከስድሳ ዓመት በኋላ በሌሎች እጅ ተመልሶ ተገኘ።

ዶክተር ፖንሴቲ በ1984 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም ተመልሰው ታካሚዎችን ማየት ቀጠሉ። በጥቅምት ወር 2009 ዓ.ም. በ95 ዓመታቸው እስካረፉበት እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ድረስ ከሥራቸው አልተለዩም።

ዘዴው ወደ አፍሪካ

የዘዴው ትልቁ ጥቅም የታየው የቀዶ ሕክምና ክፍልና የአጥንት ሐኪም በማይበዙበት አገር ነው። ዶክተር ፒራኒ የተወለዱት በኡጋንዳ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በዚያ አገር ይሠሩ ከነበሩት ካናዳዊ የአጥንት ሐኪም ከዶክተር ኖርግሮቭ ፔኒ ጋር ሆነው ዘዴውን ወደ ኡጋንዳ አስገቡት። የጉድለቱን ክብደት ያለ ራጅ፣ በዓይንና በእጅ ብቻ እየመረመሩ በቁጥር የሚለኩበት የፒራኒ ነጥብ የተባለው ሚዛንም ለገጠር ሐኪም ቤት እጅግ የሚመች ሆነ። በማላዊ ደግሞ ጀሶውን ያደረጉት ዶክተሮች ሳይሆኑ ለአጥንት ሕክምና የሠለጠኑ የጤና መኮንኖች ሲሆኑ፣ በ2005 ዓ.ም. የታተመው ውጤታቸው ሥራው በእነርሱ እጅ በሚገባ ሊከናወን እንደሚችል አስመሰከረ።

የጫማው ጉዳይ ለብቻው መጠቀስ ይገባዋል። በፋብሪካ የሚሠራው ጫማ ለአፍሪካ ገበሬ ቤተሰብ የማይቀመስ ዋጋ ነበረው። ሚኪል ስቴንቤክ የተባሉ ሆላንዳዊ ባለሙያ በኡጋንዳ ሳሉ፣ በማናቸውም ከተማ ከሚገኝ ቆዳና ተራ ብረት፣ አንድ ጫማ ሰፊና አንድ ብረት ሠሪ ተጋግዘው ሊሠሩት የሚችሉትን ጫማ ነደፉ። ተረከዙ በቦታው መቀመጡን ለማየት ከኋላው ቀዳዳ አለው፤ ዘንጉ የሚፈለገውን ዲግሪ ይዞ ይበየዳል። በዓይነቱ ትንሽ የምሕንድስና ሥራ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ባይኖር የጀሶው ድካም ሁሉ በጥቂት ወራት ማገርሸት ከንቱ ይሆን ነበር።

በኢትዮጵያም ዘዴው ገብቶ ይሠራበታል። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የቆልማማ እግር ሕክምና ከሚሰጥባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ከእንግዲህ የሚቀረው ችግር በአብዛኛው የሕክምና ዕውቀት ሳይሆን የርቀትና የጽናት ችግር ነው። ከገጠር የምትመጣ እናት በየሳምንቱ ለአንድ ወር ተኩል መመላለስ አለባት። ከዚያም እግሩ ቀጥ ብሎ እየታየ፣ የሚያለቅሰውን ሕፃን ለአራት ዓመት በየማታው ጫማ ማድረግ ይጠበቅባታል። ይህን ያስረዳት ሰው ከሌለ፣ የዳነ ልጅን ለምን እንደምታስጨንቅ አይገባትም። ስለዚህ መንገዱ፣ ጣቢያው፣ የጫማው መሥሪያ ቤትና ትዕግሥት ያለው አስረጂ ሁሉ የሕክምናው ክፍል ናቸው።

ለሙያ ሰዎች የሚተርፈው ቁም ነገር

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ ኃይል በማነስ የከሸፈ የሚመስል ሥራ ብዙ ጊዜ የከሸፈው መደገፊያው ካለ ቦታው በመዋሉ ነው። መፍቻውም ቢላዋውም የተፈለሰፉት ኃይል ለመጨመር ነበር፤ የሚያስፈልገው ግን አውራ ጣትን በጥቂቱ ማዛወር ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛ፣ አንድ ሥራ በሚመረቅበት ቀን መልኩ አይመዘንም። የድልድይ ጥራት ጎርፍ ካለፈ በኋላ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ የእግርም ጥራት የሚታወቀው ባለቤቱ ሠላሳ ዓመት ከሄደበት በኋላ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ተመልሶ መሄድ፣ የቀድሞ ሥራን ፈልጎ ማግኘትና ውጤቱን ሳይሸሽጉ መጻፍ ያስፈልጋል። ስታይንድለር በራሳቸው ሆስፒታል የተሠራውን ሥራ አንድ ወጣት ስደተኛ እንዲመረምረው ባያዝዙ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጀመረም ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ከ1963 ዓ.ም. እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ትክክለኛው ዘዴ በማናቸውም የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሳለ፣ በዚያው ዘመን ብዙ ሕፃናት ሳያስፈልጋቸው በቢላዋ ታክመዋል። ያከሟቸው ሐኪሞች ሰነፎች ወይም ክፉዎች አልነበሩም፤ የሙያቸውን የታወቀ ሥርዓት በትጋት የፈጸሙ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ትጋት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። የአንድ ሙያ ጤንነት የሚለካው አዲስ ነገር በመፍጠሩ ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ የተፈጠረውንና የተዘነጋውን እውነት ፈልጎ ለማንበብ ባለው ፈቃደኝነትም ነው። ለሙያው የሠላሳ ዓመት መዘግየት በመጽሐፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነው፤ በዚያ ዘመን ለተወለደው ልጅ ግን ዕድሜ ልኩን የሚሄድበት እግር ነው።